“ምናልባት” የሚባል መፍቻ

ጌታቸው ሾፌሩ ሲደውልልኝ ሁልጊዜ በቀልድ ነው የሚጀምር። “አንቺ ተማሪ፣ ዛሬም አልጨረስሽም?” ይለኛል፤ ማስተማር ከጀመርሁ ስንት ዓመቴ። ባለፈው ጥቅምት ሲደውል ግን ቀልዱን ዘለለው።

“ጋሽ እንድሪስ አረፉ” አለኝ። “ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው።”

ምን እንዳገኛቸው ጠየቅሁት።

“ሐኪሞቹ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። እሳቸውማ በመጨረሻ አንዱን ሐኪም ‘ልጄ፣ የምታውቀውን ብቻ ንገረኝ፤ የቀረውን እኔም አላውቀው’ አሉት። ወላሂ፣ ሰውየው ሳቅ ብሎ ነው የወጣ።”

ጌታቸው ክርስቲያን ነው፤ በወላሂ ሲምል ግን አይዋሽም። እኔም ስልኩን ዘግቼ ፊቴ የተቆለለውን የተማሪ ፈተና ማረም አቃተኝ። “የምታውቀውን ብቻ ንገረኝ” የሚለውን በዚያ ለስላሳ፣ ትንሽ ጎርናና በሆነ ድምፃቸው ሰማሁት። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው መካነ ሰላም ዳር፣ ወደ ወግዲ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ፤ በቆርቆሮ የተከደነ ጥላ፣ መኪና ሥር መግቢያ የምትሆን አንድ ጉድጓድ፣ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ አጥር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ እያዳመጡ የቀሩ ይመስላሉ። መፍቻዎቻቸውን ጠዋት ጠዋት ጆንያ ላይ ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረድራሉ። ከመካከል አንዱ ከጎደለ፣ ደንበኛ ቆሞ ቢለምናቸው እንኳ እስኪገኝ ድረስ ሥራ አይጀምሩም። እኔ ይህን አይቼ ነው መጀመሪያ የወደድኋቸው።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። ከኔ ደረት የማይደርሱ ልጆች መካከል ስቀመጥ የሰፈሩ ሰው መሳቁ አልቀረም፤ “እማማ ተማሪ” የሚል ስምም ወጥቶልኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ አጥር ጥግ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳነብ ጋሽ እንድሪስ ለምን እንደዘገየሁ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሰው ሁሉ “ዛሬ ምን ተማርሽ?” ይላል። እሳቸው “ዛሬ ምን አየሽ?” ነው የሚሉት። ያየሁት ነገር ከሌለ ደግሞ ቅር አይላቸውም፤ “ነገ ታያለሽ” ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን የከባድ መኪና ሾፌር ከከላላ በኩል መጥቶ ገና ሳይወርድ በመስኮት፣ “ጋሽ እንድሪስ፣ ፓምፑ ሞቷል” አላቸው።

“ማን አረዳህ?”

“እኔው ነኛ፣ አውቀዋለሁ።”

“መርዶውን ተወውና ያየኸውን ንገረኝ።”

“ምናልባት ፓምፑ...”

“ምናልባት የሚባል መፍቻ የለኝም” አሉት፣ ጆንያው ላይ ወደተደረደሩት እያመለከቱ። “አሥር ቁጥር አለኝ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር አለኝ፣ አሥራ ሦስትም አለኝ። ምናልባት ግን የለኝም። ውረድና ከመጀመሪያው አውራኝ።”

ሾፌሩ እየሳቀ ወረደ። ጋሽ እንድሪስ ግን አልሳቁም። ሰውየው ማታ የት እንዳደረ፣ መኪናው መጀመሪያ ያመመው የት ቦታ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ምን ጭኖ እንደነበር፣ ዝናብ እንዳለፈበት እንዳላለፈበት ሳይቀር ጠየቁት። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ገንዘብ የማይወጣበትን ነገር አስቀድመው ማየት ጀመሩ፤ የላላ ብሎን፣ የተላጠ ሽቦ፣ የቆሸሸ ማጥለያ። አንድ ነገር ነክተው ይሞክራሉ። ካልሆነ እንደነበረ ይመልሱትና ሌላውን ይነካሉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አይነኩም። “ሁለቱን ከነካሁ፣ ቢድን እንኳ ያዳነውን አላውቅም፤ ነገ ሲታመም እንደገና ዕውር ነኝ” ይሉ ነበር።

ሌላ የሚታወሰኝ፣ “አላውቅም” የማለት ድፍረታቸው ነው። በኛ ከተማ ባለሙያ አላውቅም ካለ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የሳቸውም ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሰላምታ ቀለል አድርገው “አላወቅሁትም፤ ነገ ተመለስ” ይላሉ። አንድ ጊዜ ለምን ገበያቸውን እንዲህ እንደሚያባርሩ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በአመድና በሳሙና እያሹ ነበር።

“አንድ ጊዜ አውቃለሁ ብዬ ነበር” አሉኝ።

እጃቸውን አለቅልቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መካኒክነትን የተማሩት በቀድሞው ጦር ውስጥ እንደሆነ፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን በእግራቸው እንደመጡ ሰው ያወራል። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋቸውም።

እኅቴ ኸዲጃ ከጅዳ የተመለሰችው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ስትሄድ ልጇን ሐያትን ጡት እንዳስጣለች ነበር ለኔ የተወችልኝ። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ሕፃኗ ብቻ ነን። እኔን ያስተማረኝ ኸዲጃ የምትልከው ነው፣ ሐያትን ያሳደጋትም እሱ ነው። ስትመለስ ግን ሐያት እኔን “እማ” ትለኛለች፣ እናቷን “ኸዲጃ” ብላ በስሟ ትጠራታለች። ኸዲጃ ይህን ስትሰማ ፊቷ አይለወጥም፤ ብቻ የያዘችውን ነገር አስቀምጣ ትወጣለች።

ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ከጨረታ ገዛች። የገበያ ዕለት ጠዋት ነጋዴና ዕቃ ጭኖ ወግዲ ወርዶ ማታ እህል ይዞ ይመለሳል፤ በሌላው ቀን እንደተገኘው ይሠራል። ጌታቸውን ሾፌር አድርጋ ቀጠረችው። ነገሩን ለኔ የነገረችኝ በማያሻማ ቃል ነው፦ “መኪናው ከሠራ ከልጄ ጋር እቀራለሁ። ካልሠራ እመለሳለሁ።” ደሴ ያለው ደላላ ቪዛዋን ይዞ እየጠበቀ ነበር።

መኪናው አልሠራም። ሜዳ ላይ ደኅና ይሄዳል፤ ከተማ ውስጥ ደኅና ነው። ከወግዲ ሲመለስ ጭነቱን እንደያዘ ዳገቱን ይጀምርና፣ ጌታቸው ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ማሳል ይጀምራል። ይንተፋተፋል፣ ወደፊት ይገፋና ይይዛል፣ ደግሞ ይገፋና ይይዛል። በላዩ ያለው ሰው እርስ በርሱ ይጋጫል። በመጨረሻ ሰዉ ወርዶ ይገፋል፣ ወይም ጌታቸው ከጀሪካን ቤንዚን ጨምሮበት ትንሽ አርፎ ይወጣል። የመናኸሪያው ሰው መኪናውን “ቲቢ” አለው። “ቲቢ መጣች፣ አፋችሁን ሸፍኑ” ይላሉ። “ጌታቸው፣ መድኃኒቷን ጠዋት ወስዳለች?” ይሉታል። እሱም የዋዛ አይደለም፤ “እሷስ ወስዳለች፣ አንተ ነህ ያልወሰድህ” ይላል። ኸዲጃ ግን አትስቅም። ተሳፋሪው ወደ ሌላ መኪና እየሄደ ነበር።

ገበያው አጠገብ ያለ መካኒክ ካንዴላዎቹን ለወጠ፣ ካርቡራተሩን ፈታ፣ እንደገና ፈታ። ሁሉንም በአንድ ቀን ነካ፤ ሳሉ አልተወውም። በመጨረሻ ወደ ጋሽ እንድሪስ መጡ። መጀመሪያውኑ ያልመጡት እሳቸው ብዙ ስለሚጠይቁ ነው። ጌታቸው ጥያቄ አይወድም።

“ስትረግጠው ወዲያው ነው የሚያስለው ወይስ ቆይቶ?”

“እንዲያው ሲፈልገው ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።”

“መኪና አይፈልግም፤ የምትፈልግ አንተ ነህ። ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?”

“ቆይቶ ነው መሰለኝ።”

“መሰለኝን ቤት አስቀምጠህ ናና እንሂድ።”

ከሾፌር ጎን አይቀመጡም። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ቆመው ብረቱን ይዘው ነው የሚሄዱ፤ “ጋቢና ወሬ ይበዛል” ይላሉ። ከተማውን ዞረው ተመለሱና የነዳጁን ማጥለያ ፈቱት። ቀይ ጭቃ ሞልቶበታል። ያን ጊዜ ከተማችን ማደያ አልነበረውም፤ ቤንዚን በበርሜል መጥቶ ከበርሜል ነው የሚቀዳ። ጋሽ እንድሪስ ጭቃውን በጣታቸው አሽተው “ይኸው” አሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ታንከሩንም ከሥር ሊያጥቡት ክዳኑን ሲከፍቱ በውስጡ የጎማ ክብ፣ ዳር ዳሩን በሰም የታተመ አገኙ።

“ይህን ማን ዘጋው?”

“እኔ ነኝ” አለች ኸዲጃ።

መኪናው በተገዛ ሰሞን ክዳኑ ልል ስለነበር ዳገት ላይ ቤንዚኑ እየተረጨ ሴቶቹን ያስታውካል፣ ቤንዚኑም ያልቃል። እሷ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ክብ ቆርጣ ከክዳኑ ሥር አስገባች። ጠርዙን ደግሞ እናታችን የቅቤ ቅል ወደ ሩቅ አገር ስትልክ እንደምታደርገው በማር ሰም አተመችው። በተቀዳ ቁጥር ሰሙን በአውራ ጣቷ ዳብሳ ትመልሰዋለች።

“ማሻ አላህ” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “የባለሙያ ልጅ እጅ ነው። አቧራም አይገባበት።” አጥበው፣ አድርቀው፣ እሷው በሰሟ እንድትዘጋው ሰጧት።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናው ዳገቱ ላይ ከበፊቱ አብልጦ አሳለ። በዚያ ቀን እኔ አልነበርሁም፤ የነገረኝ ጌታቸው ነው። ሰዉ ሁሉ ወርዶ መንገድ ዳር ቆመ። አንድ የእህል ነጋዴ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ “መኪናዋም እንደ እመቤቷ ነች፤ ልቧ ጅዳ ነው፣ እዚህ ምን ይሥራላት” አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ማታ ቤት ገብታ እራት ሳትበላ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። “በሚመጣው ገበያ ጠዋት በደሴው አውቶቡስ እሄዳለሁ” አለችኝ። ሐያት መደቡ ጥግ ሆና ልብሱ ሲታጠፍ ታያለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ቤታችን መጡ። እስከዚያ ቀን ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብንላቸው አልገቡም።

“ተሳስቻለሁ” አሏት ኸዲጃን። “ጭቃው እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። በሽታው ግን እሱ አይደለም። አንዱን እውነት አገኘሁና ሁሉንም ያገኘሁ መሰለኝ።”

“አብሽሩ ጋሽ እንድሪስ። ነሲብ ነው፣ ዕድሌ።”

“ነሲብ ከመሆኑ በፊት የኔ ሥራ ነው። መሄድሽን ሰምቻለሁ፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ ቀን አለሽ። አንድ ዳገት ስጪኝ።”

ኸዲጃ እኔን አየች፣ ሻንጣውን አየች። “አንድ ዳገት” አለች።

ያን ቀን ገበያ ስላልነበር በጭነት ፈንታ ድንጋይ ጫንን። ከመነሳታችን በፊት ጋሽ እንድሪስ ሁላችንንም እንደገና ጠየቁን፤ ጌታቸውን፣ ኸዲጃን፣ መኪና መንዳት ቀርቶ መሪ ይዤ የማላውቀውን እኔን ሳይቀር።

“አንቺ ተማሪዋ፣ ምን አየሽ?”

“ቤንዚን ሲጨመርበት ይሻለዋል” አልሁ።

“ሲጎድል ነው እንግዲህ የሚያስለው?”

“አይደለም። እኔ አብሬ በሄድሁ ጊዜ ግማሽ እያለው አሳለ። ያኔም ሲጨመርበት ተሻለው።”

“ጠግቦ መሄድ ነው የሚወድ” አለ ጌታቸው። “እኔን ይመስላል።”

ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። “ሲጨመርበት የምትሉት ሁለት ነገር ነው” አሉ። “ክዳኑ ይከፈታል፤ ቤንዚን ይገባል። የትኛው ነው የሚያሽለው?”

ማናችንም አስበነው አናውቅም።

ሐያትን እጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ገባሁ። ኸዲጃ ከኔ ጎን ናት። ዳገቱን ስንጀምር ጌታቸው ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ረገጠ። ትንሽ ወጣን። ከዚያ ያ ሳል መጣ፤ መኪናው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አደረገን። ኸዲጃ ዓይኗን ጨፈነች።

ከኋላ ጣሪያው ተመታ። “አቁም” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “ጀሪካኑን አትንካ። ክዳኑን ክፈት፤ ክፈት ብቻ።”

ጌታቸው ወርዶ ከፈተው። ፉ...ው የሚል ረጅም ድምፅ ተሰማ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ማፏጨቱ ነዋ። ሁልጊዜ ስከፍተው እንዲህ ያፏጫል።”

“ሁልጊዜ?”

“በከፈትሁት ቁጥር።”

“ለምን አልነገርኸኝም?”

“ማን ጠየቀኝ? ያን ሁሉ ስትጠይቁ ይህን አልጠየቃችሁ። ቤንዚን ሁሉ የሚያፏጭ መስሎኝ።”

ጋሽ እንድሪስ ሊቆጡት ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። “እውነትህን ነው፣ አልጠየቅሁህም” አሉት። “ወደ ውጭ ነው የሚያፏጭ ወይስ ወደ ውስጥ?”

ጌታቸው ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለ፤ ድምፁ ግን አልቆ ነበር።

ክዳኑን እንደነበረ ዘግተን፣ ሳንጨምርበት፣ ዳገቱን ቀጠልን። ሞተሩ ጥርት ብሎ ሄደ፤ ደስ ሊለን ሲል ከላይ ከመታጠፊያው እንደገና አሳለ። ጋሽ እንድሪስ እንደገና አስቆሙን። አሁን ራሳቸው ወረዱ። የጋቢያቸውን ጥለት ከክዳኑ አፍ አጠገብ ይዘው ክዳኑን ቀስ ብለው አላሉት። ጥለቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ልክ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ እንደጎተተው።

ከዚያ ወደ ኸዲጃ ዞሩ።

“ሕፃን ጡጦ ሲስብ፣ ጡጦው ወደ ውስጥ ሲጨማደድ አላየሽም?”

ጅዳ የሰው ልጆች ስታሳድግ የኖረች ናት። “አይቻለሁ” አለች። “ከአፉ ነቀል አድርገሽ አየር ካላስገባሽለት ወተቱ አይመጣለትም።”

“ይህም እሱ ነው። ቤንዚን በወጣ ልክ አየር መግባት አለበት። ሜዳ ላይ ጥቂት ነው የሚጠጣ፣ ይበቃዋል። ዳገት ላይ ብዙ ይፈልጋል፤ ታንከሩ ደግሞ ታፍኖ አልለቅም ይለዋል።”

ኸዲጃ ፊቷ ተለወጠ። ክዳኑን፣ በጣቷ የዳበሰችውን ሰም እያየች ነበር። “እኔ ነኛ” አለች። “በገዛ እጄ።”

“ያመሰገንሁሽ ደግሞ እኔ ነኝ” አሉ። “አንቺ መካኒክ አይደለሽም። እኔ አይቼው ማሻ አላህ ብዬ መልሼ ሰጠሁሽ። ጥፋቱን ለኔ ተዪልኝ።”

ከመሣሪያ ሣጥናቸው ወስፌ አወጡና ለሷ ሰጧት። “አንቺ ብጂው። አቧራ ሲደፍነው መንገድ ላይ የምትሆኚው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ ይወቀው።” ጎማውን በሳችው። ጋሽ እንድሪስ ወደ ሰማይ አንስተው በቀዳዳው አዩና መለሱላት። ከዚያ ድንጋዩን እንደጫንን ከዳገቱ ሥር ወርደን እንደገና ጀመርን። ወጣ። መታጠፊያውን አለፈ፣ አናቱ ላይ ደረሰ፤ አንድም ጊዜ አላሳለ። ጌታቸው መሪውን እየደበደበ ዘፈነ። ሐያት ከጭኔ ላይ ሆና ስቃ የሱን እጅ ለመያዝ ሞከረች።

ኸዲጃ ግን አናቱ ላይ ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች። እኔም ተከተልኋት።

“ጋሽ እንድሪስ፣ ዳነ በሉኝ።”

“ዛሬ ወጥቷል።”

“መውጣቱን አየሁ። ዳነ በሉኝ፤ ደላላውን ልመልሰው።”

“የገበያ ጭነት አልጫነም። የገበያ ሰው አልተሳፈረበትም። ከዚህ ሌላ ሕመም ይኑረው አይኑረው አላየሁም። አንድ ጊዜ ይኸው ብዬሽ ነበር፤ አሳፈርሁሽ።”

“አንድ ቃል ነው የጠየቅኋችሁ” አለች። “አንቱ ብቻ ናችሁ የምትነፍጉኝ። ሌላው ሁሉ ይሰጠኛል። ደላላው እንኳ ቤቱን ሳያየው ‘ደኅና ቤት ነው፣ ደኅና ሰዎች ናቸው’ ይለኛል።”

“ለዚህ ነው እኔ የማልሰጥሽ” አሉ።

ተናዳ ጋቢና ገባች። እስከ ቤታችን ድረስ ጌታቸውም አልዘፈነ። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ወርደው ጋቢያቸውን አራገፉ።

“የገበያ ዕለት አብሬ እሄዳለሁ” አሉ። “ካሳለ እዚያው አለሁ። ካላሳለ ደግሞ በሚቀጥለውም እሄዳለሁ። እስካውቀው።”

የገበያ ዕለት ለሳቸው ዋና የሥራ ቀን ነው፤ ከወረዳው ሁሉ መኪና የሚመጣው ያን ቀን ነው። ኸዲጃ አላመሰገነቻቸውም። ሻንጣዋም እንደተዘጋ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰነበተ።

ዕለቱ ደረሰ። የደሴው አውቶቡስ ከመናኸሪያው ጥሩምባውን ሲያሰማ ፒካፑ ደጃችን ቆሞ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ጋሽ እንድሪስ ጋራዡን ዘግተው፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ከኋላ ከጆንያዎቹ መካከል ቆመዋል። ያ የእህል ነጋዴ “ሐኪሟን ይዛ ነው የምትሄድ ቲቢ” ሲል ሰማሁት። እሳቸው አልሰሙም ወይም አልሰማ አሉ።

ኸዲጃ በሩ ላይ፣ በሻንጣውና በመኪናው መካከል ቆማለች። ሐያት ከውስጥ ወጣች።

“ዛሬ ትሄጃለሽ?” አለቻት።

ኸዲጃ ቀና ብላ ጋሽ እንድሪስን አየቻቸው። እሳቸው መንገዱን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቁጢጥ ብላ ከልጇ ፊት እኩል ሆነች።

“ወግዲ እሄዳለሁ” አለች። “መኪናው ዳገቱን ከወጣ ማታ በመኪናው እመጣለሁ። ካልወጣ በእግሬ እመጣለሁ።”

ሐያት አሰበችው። “በእግርሽ ከሆነ ይመሻል።”

“ይመሻል። ግን እመጣለሁ።”

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ደገመ። ኸዲጃ ጋቢና ገብታ በሩን ሳበች፣ ጌታቸው ማርሽ አስገባ፣ ሄዱ። ሻንጣውን እኔ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ አልፈታሁትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። መኪናው አላሳለም። ጋሽ እንድሪስ አቧራ ለብሰው ወረዱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያም ጋራዡን ዘጉ፤ በዚያኛውም። ዝናብ የጣለ ዕለትም ፌስታል ራሳቸው ላይ አስረው ከጆንያዎቹ ጋር ሄዱ። ሰው ይስቅባቸዋል፤ “መካኒክ ነው ወይስ ረዳት?” ይላል። ደንበኛ የተዘጋ ጋራዥ አግኝቶ ይመለሳል። ከኛ ምንም አልተቀበሉም፤ ተሳፋሪው ግን ወደ ፒካፑ ተመለሰ።

አንድ የገበያ ጠዋት ጌታቸው እንደ ልማዱ ከጋራዡ ፊት ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ጋራዡ ክፍት ነበር። ጋሽ እንድሪስ አንድ የከባድ መኪና ኮፋኖ ሥር ጎንበስ ብለዋል።

“ጋሽ እንድሪስ፣ አትሄዱም?” አለ ጌታቸው።

ቀና አላሉም። በቅባት በተለወሰው እጃቸው ወደ ወግዲ መንገድ አመለከቱት፤ ሂዱ። ጌታቸው ወደ ኸዲጃ ዞረ። እሷ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። “እስካውቀው ነበር ያሉት፤ ንዳ” አለችው በመጨረሻ።

ያን ዕለት ማታ፣ ከገበያ እንደተመለሰች፣ ሻንጣዋን ከፈተች። ልብሶቿን አንድ በአንድ እያራገፈች ከሐያት ልብስ ጎን፣ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ባዶው ሻንጣ ጥቂት ቀን መንገድ ላይ ሲያደናቅፈን ከረመ፤ በኋላ ድንች ማስቀመጫ አደረግነው።